ቀጭኑ ሽቦ

ሻርጃ፣ ሰናእያ፣ የሰኔ ወር ማታ፤
ብረቱ ከፀሐይ ገና ሳይፋታ፣
ሳሊም በፓትሮሉ መጣ እየከነፈ፤
አንድ ዓይኑ ፈዟል፣ አንዱ ጠፍቶ አረፈ።

«እንድሪስ» አለኝ፣ «መቶ ዋት ግጠምልኝ፣
የበረሃው ጨለማ ይሰንጠቅልኝ።»

ኮፈኑን ከፈትሁት፤ ሶኬቱን ነቀልሁት፤
ቡናማ፣ የቀለጠ። ሽታውን አወቅሁት።
ከኔ በፊት አንዱ እንዲሁ አስቦ፣
አምፖሉን ሲያገዝፍ ተረሳው ሽቦ።

«ብርሃን ሸክም ነው፣ ሳሊም፣ ክብደት አለው፤
ይህን ክር መሳይ ማን ተሸከም አለው?
ፊውዝ ከባትሪው ጥግ፣ ሪሌ ከኋላ፤
ቀጭኑ ወሬ ያድርስ፣ ሸክሙ ለሌላ።»

ሁለት ክንድ ቀይ ሽቦ፣ እንደ እርሳስ የወፈረ፣
በላስቲክ ቱቦ አልፎ ከጥጉ ታሰረ።
አዲሱን አምፖል በሶፍት ጠቅልዬ ያዝሁ፤
ላቤ እንዳያርፍበት ትንፋሼንም ዋጥሁ።

ማብሪያውን ጠመዘዘ። ግድግዳው ነጣ፤
የአሮጌ ጎማ ክምር ከጨለማ ወጣ፤
ሽቦውን ዳሰስሁት፤ ሙቀትም አልመጣ።

ስልኬ ጠራ፣ ከከሚሴ። እህቴ ናት፣ ሉባባ፦
«ቆርቆሮው ጨምሯል፤ ክረምቱም ገባ።»

«እሺ» አልኋት፤ «እልካለሁ»። ዘጋሁት።
በዚያው እጅ፣ ሳላስብ፣ ግንባሬን ነካሁት።