ከዜሮ በታች

ፍራሹን አንስቼ ከግድግዳው አስጠጋሁ፣
በሩን በብርድ ልብስ ዘጋሁ፣
ማራገቢያውንም አጠፋሁ፤ ማይኩ ይሰማዋልና።
የሚያዝያ አዳማ ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል ገና።

ጋሽ ሁሪሳ ገባ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣
ሃያ ስድስት ዓመት መናኸሪያውን በጉሮሮው አዝሎ።
ሐኪሙ፣ «ዝም በል፣ አለዚያ ትዘጋለህ» ብሎት፣
ልጁ በዕቁብ ብር ድምፅ ማጉያ ገዝቶለት፤
«አንዴ ቅዳኝ» አለኝ፣ «እሱ ይጩህ፣ እኔ ልቀመጥ፤
ጉሮሮ እንደ ጎማ አይለወጥ።»

«ጀምር» ብዬ ጣቴን ሳነሣ
ድመቷ ከአልጋው ሥር ሸሸች።
«አሰላ! አሰላ! የሞላ! አንድ ሰው የጎደለ! አሰላ!»
ቀዩ መብራት በራ፣ መለኪያው እስከ አፉ ተሞላ።

ከዚያ አጫወትሁት፤
ሰው አይደለም የሰማሁት፤
ቆርቆሮ ነው፣ በአካፋ ሲፋቅ።
አጉልቼ ባየው፣ የሞገዱ አናት የለም፤
ካባ እንደ በላው ኮረብታ ተገምሷል።
ቀንሼ ብሰማው፣ ያው ፍርስራሽ ነው፣
በሹክሹክታ የሚፈርስ።
የተቆረጠ ድምፅ አይቀጠል፤ የፈሰሰም ውሃ አይታፈስ።

አባቴ ካሴት ያባዛ ነበር፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ።
ካሴት ቻይ ነው፤ ጩኸት ሲበዛበት
ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣
«ይሁን፣ ግባ» ይላል፣ እንደ ደግ ጎረቤት።
ኮምፒውተር ይሉኝታ የለው፤
ጣሪያው ዜሮ ነው።
ከዜሮ በላይ ቁጥር አልፈጠረለትም የሠራው፤
ቀና ያለውን ሁሉ በመጋዝ ነው የሚሸልተው።

ጋሽ ሁሪሳን አንድ ክንድ ወደ ኋላ ሳብሁት፣
አፉን ከማይኩ ትንሽ ወደ ጎን መለስሁት፣
ቁልፉን ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ።
«ለምን አነሰ?» አለኝ፣ ቅር ብሎት።
«ይነስ። ከላይ ባዶ ይትረፍ፣
ድምፅህ ድንገት ሲያብጥ የሚያርፍበት።»
አሰበና ሳቀ፦
«ዴራ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ የምንተወው ወንበር ነዋ!»
ነው። ምን ልጨምርበት።

ሁለተኛው ቅጂ፦ አረንጓዴ፣ አልፎ አልፎ ቢጫ፤
ከዜሮ አሥር እርከን ዝቅ ብሎ ቆመ።
አጠለቅሁ ማዳመጫ።
ጥርት ብሏል። ግን ሦስተኛዋ «አሰላ» ላይ
አንድ ነገር ይሰነጠቃል፣ እንደ ደረቀ እንጨት።
ሽቦ ቀየርሁ። ቁልፉን ደግሞ ቀነስሁ።
ሞገዱን አጉልቼ አየሁ፤
አናቱ ሙሉ ነው፣ ክብ ነው፣ መጋዝ አልነካው።
ጋሽ ሁሪሳ አንዱን ጆሮ ተዋሰኝና አዳመጠ፦
«በእሱስ አትድከም፤ ያንተ አይደለም።
ያኔ በሐምሌ፣ መንገድ ተዘግቶ፣
ሌሊቱን በዝናብ ስጠራ ያደርሁ ለት የገባ ነው።»
ማጽጃ ነበረኝ፤ አንድ ጠቅታ ነው።
አልነካሁትም።

በማግስቱ ብሄድ፣ ማጉያው ከምሰሶው ላይ ይጮኻል፤
ልጁ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮታል።
ያ ሁሉ ላብ፣ ያ የተረፈ ወንበር፣
እንደገና ቆርቆሮ፣ እንደገና አካፋ።
ጋሽ ሁሪሳ ከጥላው ተነሣ፤ ምንም አልተናገረ፤
እጁን ሰደደ፣
ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ።
አንዲት ሴትዮ ዶሮ አንጠልጥላ፣ «አሰላ ነው?» አለችው፤
በአገጩ መኪናውን አሳያት።