ጎዶሎና ሙሉ

ወንዙ አሸዋ ሲሆን፣ ግድቡ ሲጎድል፣
ማዘጋጃ ቤቱ ለጠፈ እንዲህ ሲል፦
«ጎዶሎ ቁጥር ቤት በጎዶሎ ቀን፣
ሙሉ ቁጥር ያለው ጠብቆ ሙሉውን፣
አትክልት ያጠጣ በምሽት አንድ ሰዓት፤
ላላከበረ ሰው ይጠብቀዋል ቅጣት።»
ሂሳቡ ቀላል መስሎን ሳቅንበት ያን ሰሞን።
ጎዶሎ ማን፣ ሙሉ ማን? ገና መቼ ገብቶን!

ከሲድኒ የቀን መንገድ፣ ስንዴና በግ ያለባት፣
ዋላሮይ ከተማ አምስት ጎዳና ብቻ ናት፤
አንዱ ጎን ጎዶሎ፣ አንዱ ጎን ሙሉ ነው፤
መሀሉን በቀትር ውሻ ነው የሚያቋርጠው።

እኔ ነኝ ጠባቂው። ዳርሲ ነው ስሜ።
ከመሸ እስኪነጋ ባትሪ ተሸክሜ፣
ካጥር አጥር ስሄድ፣ ጨለማ ውስጥ ቆሜ፣
የጎማ ሹክሹክታ ሳደምጥ ከርሜ፣
ጆሮዬ ሠልጥኖ ዛሬስ ይለያል፦
ይኼ ቲማቲም ነው፣ ያ ጽጌረዳ ይላል።
ድሮ መንገድ ስጠግን፣
ቀዝቃዛ ቢራ ነበር በአጥር የሚያልፍልኝ፤
ዛሬ ውሻው እንኳን በማዕረጌ ነው የሚጮኽብኝ።

ሚስተር ባክናል ደግሞ፣ ቁጥር ዘጠኝ ቤት፣
የላይኛዋን ሚስማር ነቅሎ ከበሩ ፊት፣
ዘጠኙን ዘቅዝቆ ስድስት አደረገው፤
በጎዶሎም በሙሉም ሣሩን አረጠበው።
«ንፋስ ነው» አለኝ፣ ሳገኘው እጅ ከፍንጅ።
ቀጣሁት። ንፋሱን መቅጣት አልቻልኩም እንጂ።

ጎልፍ ሜዳው ለምልሟል፤ ሰሌዳ ቆሞ ከደጁ፣
«የጉድጓድ ውሃ ነው» ይላል፤ ፈቃድ አለው በእጁ።
«ጉድጓዱስ ከየት ጠጣ?» ብዬ አለቃዬን ብጠይቀው፣
«ዳርሲ፣ ያንተ ሥራ ጎማ ነው» አለኝ፣ «ይኼ ፓምፕ ነው።»

ግድቡ ዘጠኝ ከመቶ ሲቀረው በየካቲት፣
ጎዶሎም ሙሉም ቀረ፤ ተከለከለ ጎማ መንካት፤
የገላ እጣቢ ብቻ፣ በባልዲ፣ በእጅ ሆነ ሥርዓት።

ዌብ ጎዳና ላይ ነው፣ አሥራ ሰባት ቁጥር፣
ኖሪን ፔንጌሊ አለች፣ ብቻዋን የምትኖር።
ክላይቭ ፊት ለፊቷ ነው፣ አሥራ ስምንት ቤት፤
ቃል ከተለዋወጡ ሆኗል ሃያ ዓመት።
በውሻ ነው አሉ፤ ማን ያውቃል እውነቱን?
ክላይቭ ሎሚ አለው፣ ሚስቱ ሳትሞት የተከለችውን፤
ወገቡ ግን ታሟል፣ አይችልም ባልዲ ማንሳቱን።

የሰው ሎሚ ሁሉ ሲደርቅ የክላይቭ ሎሚ አበበ።
«ይሄማ ጎማ ነው!» አልኩ፤ እስኪርብቶዬ መቀጫ አሰበ።
ሦስት ሌሊት አደባሁ ከቆሻሻ ገንዳ ኋላ።
በሦስተኛው፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከተማው ተኝቶ ሁላ፣
በር ሲከፈት ሰማሁ። በሩ ግን የኖሪን ነው።
በሌሊት ልብስ ወጣች፤ ክንዷን ባልዲው የሚጎትተው።
አምስት እርምጃ፣ ማረፍ፤ አምስት እርምጃ፣ ማረፍ፤
ትንፋሿን ይዛ ስታልፍ፣ አንዲት ጠብታ እንዳትረግፍ።
በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ ከሎሚው ሥር አፈሰሰች፤
ሳሙና ሳሙና ሸተተኝ። አንድ ቅጠል ዳሰሰች።
ተመለሰች።

ደንቡን አውጥቼ አነበብኩ በጨረቃዋ ብርሃን፦
«የገላ እጣቢ፣ በባልዲ፣ በእጅ» ይላል። ግቢው የማን
እንደሆነ አይጠቅስም።
መዝገቤ ላይ ቀን ጻፍኩ፣ ሰዓትም። ከዚያ ምን ልጨምር?
ከጎዶሎ ቤት ወደ ሙሉ ቤት ግማሽ ባልዲ ሲሻገር፣
ለዚህ ሣጥን የለውም ቅጹ።

ሲነጋ ክላይቭ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ጠራኝ በቁጣ፦
«ሰው አለ ሌሊት ሌሊት ግቢዬ ድረስ የሚመጣ!
የሳሙና አረፋ አገኘሁ። ያዝልኝ ይኼን ሌባ!»
«ምን ሰረቀህ?» አልኩት። ዝም አለ።
ዓይኑ ግን ሎሚው ላይ ነበር፤ አበባ ላይ፣ አበባ።

«እጠብቃለሁ» አልኩት። ይኸው እጠብቃለሁ።
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባትሪዬን አጠፋለሁ።
ከጎዳናው መሀል የነበረችውን ጉድጓድ፣
እግሯ እንዳይሰናከል ጠገንኳት፤ ያለ አለቃ ፈቃድ።