ቀላል ሳጥን

ነሐሴ ነው በርባንክ፣ አስፋልቱ ይቀልጣል፣
ስቱዲዮ ዘጠኝ ግን በረዶ ይወርዳል፤
ከጣራ በወንፊት የሚነፋ ሳሙና።
ተዋናዩ በካፖርት፣ ላቡን እየዋጠ፣ «እንዴት ያለ ገና!»

እኔ የሳቅ ሰው ነኝ።
አርባ ቁልፍ ያላት አንዲት ጥቁር ሳጥን፣
ሳቅ እቀዳባታለሁ፣ በልክ፣ በመጠን፤
ይህ የሴት ፍርፍር ነው፣ ያ የሽማግሌ፣ ሳል የሚቀድመው፣
ይህ ደግሞ «ውይ፣ አንጀቴን በላው!»፣ ልብ ሲነካ የምንለቀው።
ከሚስቁት ብዙዎቹ ሞተዋል ይባላል፣
ሳቃቸው ደመወዝ አይጠይቅም፣ ዛሬም ይሠራል።

ሮዛልባ ደግሞ ዕቃ ቤቱን ይዛ፣
ባዶ ካርቶን በቀይ ትጠቀልላለች፣ አንገቷን ደፍታ፣ ተክዛ፤
ስልሳ ሁለት ባዶ፣ ስልሳ ሁለት ጌጥ፣
ከጥዱ ሥር ክምር፣ ውስጡ የማይገለጥ።

«ቁም!» አለ ዳይሬክተሩ። «ሳጥኑን ሲያነሳ እንደ ላባ ነው፣
ካሜራ ሞኝ አይደለም፣ ባዶ ያውቃል፤ ክብደት ይኑረው!»
ሮዛልባም ሄደች፣ ጡብ ይዛ መጣች፣
በጥጥ ጠቅልላ እንደ አራስ አስተኛች።
ተዋናዩ ጎንበስ አለ፣ አቃሰተ፣ አነሳ፤
እኔም ቁልፌን ብነካ፣ የሞተው በሳቅ ተነሳ።

ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አቶ ብሬነር፣ የድራማው አባት፣
ለሚስቱ፣ ለአማቱ፣ ለሦስት ልጆቹ፣ ለአለቃው፣ ለጎረቤት፣
ለጎረቤት ውሻ (አምና ውሻው ለእርሱ ካልሲ ሰጥቶታልና)፣
ሊገዛ ይወጣል፣ ዕዳውን አዝሎ፣ ሱቅ ለሱቅ ሲዋትት ለገና።
አንዲት የቀረች ሮቦት ላይ ከመነኩሲት ጋር ይጓተታል፣
(ሳቅ፣ ቁጥር አሥራ አንድ)
መደርደሪያው በሁለቱም ላይ ይናዳል።
(አሥራ ሁለት፣ ጭብጨባ ተጨምሮ)

ዞሮ ዞሮ ባዶ እጁን ይገባል። ትንሿ ልጁ አንገቱን አቅፋ፣
«አባዬ፣ አንተ ካለህልኝ ስጦታ ምን ያደርጋል?» ትላለች፤ ቫዮሊን ያለቅሳል በይፋ።
«አንጀቴን በላው»ን ለቀቅሁ፣ ሁለት እጥፍ አድርጌ፣
የራሴን አንጀት ከወንበሬ ሥር ሸሽጌ።

ወዲያው ማስታወቂያ።
ያቺው ሮቦት መጣች፣ ፈገግታዋ ሰፊ፣
«ዛሬ ይግዙ፣ ነገ ያልቃል!» ይላል ለፍላፊ።
ከስብከቱ ደጃፍ ሱቅ ከፈትን ማለት ነው።
አልገባንም ነበር? ገብቶናል። እንጀራችንም ከዚያው ነው።

ታኅሣሥ ላይ ክፍሉ በየቤቱ ተላለፈ፤
የሮዛልባ ልጅ የኤፍሬን ዓይን ከሮቦቷ ላይ አረፈ።
ምንም አላለም። ልጅ ዝም ሲል ዋጋ ይጠይቃል።
ዘጠና ዶላር ናት። የቤት ኪራይ ሰኞ ይደርሳል።

ከዕቃ ቤት የወሰደቻት አንዲት ቀይ ሳጥን ነበረቻት፣
ጡቡን አውጥታ፣ ካልሲና ባለ አራት ቀለም እስኪብርቶ ከተተችባት።

በጥር ስንመለስ፣ ሪባን እየፈታች ነገረችኝ፣
ሳታለቅስ፣ ሳትስቅ፣ እንደ ተራ ወሬ አጫወተችኝ፦

ኤፍሬን በገና ጠዋት ወደ ሳጥኗ እጁን ሰደደ፣
ቀላል መሆኗን አወቀ፤ ዓይኑ ለአፍታ ወለሉ ላይ ወረደ።
ከዚያ ቀና ብሎ የእናቱን ፊት አየ።

መልሶ አስቀመጣት።
እጁን አሻሸ። ጉልበቱን አጠፈ።
እንደዚያ የቴሌቪዥን አባት አቃሰተ፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣
«ኧረ እማ፣ ምን ከተትሽባት? እንዴት ትከብዳለች!» እያለ፣
ታቅፏት፣ እየተንገዳገደ፣ ሳሎኑን አቋርጦ ሄደ።

አርባውንም ቁልፍ አየሁ፣ ጣቴን አንስቼ።
ለዚህ የሚሆን የለም።
እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ ማሽኔን ትቼ።