የቀለም ባለሙያዋ

ሰገሌ ሜዳ ላይ ወሎ በረታና፣
ዙፋኑም ጦሳ ሥር እዚሁ ቀረና፣
አዲስ አበባ ግን የፍል ውኃ መንደር ናት፣
ቁርጥማት ያለበት ክረምት የሚሄድባት።

እኔ የሆጤ ልጅ፣ አዲስ ምልምል ፖሊስ፣
ሥራዬ ሳጥን ነው፣ ማንሳትና መመለስ።

ሐሙስ ከአሰብ ባቡር ኮምቦልቻ ወረደች፣
ሐረጎን በመኪና በጭጋግ ወጣች፤
ተዋበች እንድሪስ፣ የቀለም አዋቂ፣
አንድ ጠብታ ለሷ ለምስክር በቂ።

ሹማችን ጓንጉል ግን ወንበርም አልሰጣት፣
"ባለሙያ ነበር የጠየቅነው" አላት።
"ነኝ" አለች። ኮቷን ምስማር ላይ ሰቀለች፣
መስኮቱን ከፈተች፣ ብርሃን ፈለገች።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
በአይጠየፍ ጓዳ፣ ከመዝገቡ መሐል፣
ማንም ያላስገባው አንድ ወረቀት ታይቷል።
"ወሎ ተሸነፈ" ይላል ከነቀኑ፤
በፊደል ተራ ነው የሰፈሩት ሙታኑ።
ጓንጉል ጠረጴዛ መታ፦ "ማን ነው ያስመሰለው?
ስሙን ብቻ ስጪኝ፣ ሌላው የኔ ሥራ ነው።"

ሦስት ቀን ጎነበሰች ከማጉያ መነጽር፣
ጠርዙን በአሲድ ነክራ ሰዓት ስትቆጥር።
ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ እሷ፣
"ዝም በል!" ትለዋለች ሳይቃና ራሷ።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ፋኖስ ጠርጌ
ልሰጣት ስጠጋ እርምጃዬን ዝግ አድርጌ፣
"ቀለሙ አልዋሸም" አለች፣ ለኔ አይደለም፤
"ወረቀቱም የዚያን ዘመን ነው። እንከን የለም።"

ከዚያ "በ" ላይ ደርሶ ጣቷ ቀጥ አለ፤
"በሽር ወሌ" ይላል፣ "ጭፍራ። ተገደለ።"

ሐረጎን ስንወጣ ነግራኝ ነበር ስሙን፤
አያቷ ነው፣ እሱ ነው ያስቆጠራት ፊደሉን፣
ከሰገሌ ወዲያ አባቷን የወለደ፣
ሰማንያ ዓመት ኖሮ ባልጋው ላይ የሄደ።

አላለቀሰችም። ብዕሯን ጠረገች።

ሲነጋ ሪፖርቱ ሁለት መስመር ነበር፦
"ቀለሙ እውነት ነው።
ጽሑፉ፣ እኔ እስካለሁ ድረስ፣ ሐሰት ነው።"
ጓንጉል ሁለቴ አነበበው፣ ሦስተኛ ደገመ፦
"ይሄ ምን ማለት ነው?"
"የባለሙያ ቃል" አለች፣
ኮቷን ከምስማሩ እያወረደች።

ሳጥኑን ተሸክሜ እስከ መኪናው ሸኘኋት።
አንድ ነገር ብቻ አልጠየቅኋት።
የኔ አያት ይመር ነው። ሰገሌ ዘምቷል።
ዛሬም ቧንቧ ውኃ፣ አጥር ሥር፣ ፀሐይ ይሞቃል።
ያን ሌሊት ከኋላዋ ቆሜ ሳነብ ዝርዝሩን፣
"ተ"ን አልፌ፣ "ወ"ን፣ "ዘ"ን፣
"የ" ላይ ሳልደርስ
አጠፈችው።