ሩዙ ምን በደለ

ሰኞ ረፋድ ላይ፣ በቪያና ማዘጋጃ ቤት፣
ለድልድይ መርማሪ ዋና ኃላፊነት፣
ሥራ ጠያቂ ሆኜ በሃምሳ አራት ዓመቴ፣
ቴልሙ የሚሉት ልጅ፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣ ቁጭ ብሎ ፊት ለፊቴ፣
ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየኝ፦
«ወይዘሮ ግራሲንዳ፣ እርስዎ ነዎት?» ሲል ጠየቀኝ።

ነኝ ልበል? አይደለሁም?
ከዚያች ሴት ጋር ተገናኝተን አናውቅም።

አንዷ የራስ ቁር ደፍታ በሊማ ወንዝ ድልድይ ሥር ቆማለች፣
ስሟን አሳስተው ጽፈውት፣ «ግራሲንታ» ተብላለች።
አንዷ ፈርማለች፦ «ሦስተኛው ምሰሶ፣ ግራ ጎኑ፣
ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ፤ ይጠገን ሳያልፍ ቀኑ።»
በዚህችኛዋ አላፍርም። ምሰሶው ቆሟል እስካሁን፤
መኪናው ያልፍበታል፣ ሌትም ቀን።

አንዷ ግን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
በአንድ ምግብ ቤት ላይ አውርዳለች መዓት፦
«ሩዙ እንደ በረዶ፣ አሳላፊው ግዑዝ፣
ለውሻ እንኳን አይሆንም፣ ይሄ ሩዝ!»

ቴልሙ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩለት።
ያን ምሽት ባሌ፣ ሹካውን አስቀምጦ በቀስታ፣
«ልሄድ ነው» እንዳለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሰላምታ፣
ይህን ልጅ ምን ብዬ ልንገረው?
ሩዙ የቀዘቀዘው እኛ ዝም ስንል ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምተን አድገናል፤
አሁን ግን ስም ቀድሞን ቢሮ ይገባል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣
እኛ ደጅ ስንጠና እሱ ውስጥ ያወጋል።

ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣
እኔው ራሴን ፈለግሁ፣ ሌላ ሰው ሳያውቅ።
ስንጥቅ እንደምፈትሽ፣ በባትሪ፣ በጥፍር፣
ከዓመት ዓመት ወረድኩ፣ ስሜን ስቆፍር።
ለሥራ ባልደረባዬ «መልካም ልደት፣ ዕድሜ ይስጥህ!» ያልኩት፣
ከተቀበረ በሁለት ዓመቱ፣ ማሽኑ አስታውሶኝ፣ ሳላስተውል የላክሁት።
የአባቴ አኮርዲዮን፣ ለሽያጭ፣ ገዢ ያጣ፤
ዋጋው ሦስቴ ወርዶ፣ ሦስቴም ሰው ያልመጣ።

ከሁሉ የባሰው ካርታው ነው።

ሐኪሙ ለልቤ ብሎ ያዘዘልኝ የሩጫ ሰዓት፣
ለካ ካርታ ሲስል ኖሯል፣ ለዓለም ሁሉ፣ ሦስት ዓመት፤
ቀይ መስመር፣ ወንዙን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄድና፣
አንድ በር ላይ ሲደርስ ይቋጠራል፣ እንደገና፣ እንደገና።
አራት ደቂቃ። በየማለዳው።
ደወሉን ሳልደውለው፣ በሩን ሳልነካው።

የወንድሜ በር ነው፤ የአዴሪቱ።
ከተኳረፍን አሥራ አንድ ዓመታችን፣ በእናታችን ቤት ሽያጭ፣ በከንቱ።
ለቄሱም ለልጄም ያልተናገርኩትን፣
ሰዓቴ ገመድ ላይ አሰጣው፣ እንደ ልብስ፣ ጉዴን።

«ይጥፋ?» ይላል ስክሪኑ። ጣቴን አነሳሁ።
ያን ጊዜ ከመስመሩ ሥር አንዲት ምልክት አየሁ፦
የተቀሰረ አውራ ጣት፣ ፎቶ የሌለው ሰው የተወው፤
የትናንቱም ላይ አለ፣ የአምናውም ላይ፣ ወደ ኋላ ብቆጥረው፣
እስከ መጀመሪያዋ ቀን ድረስ፣
አንድም ማለዳ ሳይዘል፣ እኔ ገና ቤቴ ሳልደርስ።
ስሙ አንድ ፊደል ብቻ፦
«አ»።

አላጠፋሁም።

በማግስቱ ሮጥኩ። ጭጋግ ነበር፣ ወንዙ አይታይም።
ለእንዲህ ያለው ስንጥቅ በመመሪያችን ውስጥ መጠገኛ የለም።
በሩ እንደተዘጋ ነው። ከበላዩ ግን አምፖል በርቷል፤
ሦስት ዓመት ሙሉ ተቃጥሎ የነበረው። ሰው ቀይሮታል።
አምስት ደቂቃ ቆምኩ።

ከማዘጋጃ ቤቱ መልስ የለም እስካሁን።
ቴልሙም ካርታውን አይቶት ይሆን? አይቶት ከሆነም፣ ይሁን።
ወደዚያ ምግብ ቤት ግን በጽሑፍ ተመልሼ፣
ያቺን አንድ ኮከብ በአራት ለውጬ፣
እርማት አስገባሁ፣ እንደ ሙያዬ፣ ከነቀኑ፣ ከነፊርማው፦
«ሩዙ ደህና ነበር።»