ለነፋስ ልጓም ስንመርጥ

ከባሕር ተነጥቆ በደረቀው መሬት፣
ከግድቡ ወዲያ፣ ከድንች እርሻው ፊት፣
አንድ ግራጫ ሕንጻ አለ መስኮት አልባ፣
ነፋስ ተቀጥሮበት ጧት ጧት የሚገባ።
የነፋስ ዋሻ ነው፤ ክንፍ ይፈተንበታል፣
ገና ያልበረረ አውሮፕላን ይንገላታል።

ሥራዬ መጻፍ ነው፣ የተባለውን ቃል፤
ያልተባለው ነገር መች ይመዘገባል።

ዘንድሮ አጀንዳው አንድ ነበረ ብቻ፦
ላረጀው ልጓሙ ማፈላለግ አቻ።
ሠላሳ ዓመት ሂልከ የጋለበበት፣
ቁልፉ በጣቱ ልክ ጎድጎድ ያለበት፣
ሽቦው እንደ ሽበት የነጣ ሣጥን ነው፣
መለዋወጫውን የሚሸጥ የሌለው።

ሦስት ሻጮች መጡ፣ በሦስት ረቡዕ ጧት፣
ዝናም እያራገፉ ከጥቁር ካፖርት።

የፊተኛው አለ፦ «የኛ ዕቃ ይፈጥናል፣
በሴኮንድ ሺህ ጊዜ ግፊቱን ያነባል፣
ሞተር ሳያስነጥስ ‹ይማርህ› ይለዋል።»
ዋጋውን ሲጠራ የሒሳብ ሹማችን
ፍራውክየ አስነጠሰች፤
«ይማርሽ» አልን ሁላችን።

የሁለተኛው ደግሞ ስክሪኑ ያሸበረቀ፣
«ሕፃን ይነዳዋል» ብሎን እየሳቀ፤
ዋጋውም የሚዋጥ፤ ኮዱ ግን የርሱ፣
በገዛ ደጃችን ዘበኛ ሊሆን እሱ።

ሂልከ ይህን ሁሉ አንድ ቃል አልወጣው፤
ወረቀቴም ከስሙ አጠገብ ባዶ ነው።
በብረት ዋሻው ላይ መዳፉን ለጥፎ፣
እንደ ፈረስ አንገት ያሻል ተደግፎ።
በር ሲደርሱ ብቻ አንዲት ጥያቄ አለችው፦
«መሐል ላይ ሽቦው ቢበጠስ ምን ሊሆን ነው?
ክንፉ ሚዛኑ ላይ፣ ማራገቢያው ሲበር፣
ልጓም የበጠሰ ፈረስ ማን ሊያስር?»

የፊተኛው አለን «ፈጽሞ አይበጠስም።»
ሁለተኛው አለን «ያ የኛ ጣጣ አይደለም።»

ሦስተኛዋ ቺትስከ፣ የትንሽ ቤት ሻጭ፣
የቦርሳዋ ማንገቻ የሽቦ ቁራጭ፣
ጥያቄውን ሰምታ ቆየች ሳትናገር።
«አላውቅም» አለችው፤ «እስኪ እንሞክር።»
ከቦርሳዋ ጉያ መቁረጫ አወጣች፣
ማንም ሳያዛት የገዛ ሽቦዋን—

ቃ።

ለናሙና ያመጣቻት ትንሽ ማራገቢያ
አንድ ሁለት ዙር ዞራ፣
ቤቷን እንደምታውቅ አህያ
ያለ ነጂ ቆመች።
ስክሪኑ ግን አላወቀም፤
የሞተውን ነፋስ ፍጥነት እንዳለ ይጠራል፣
ሰው ከሞተ በኋላ ስሙን እንደሚጠራ
የቀበሌ መዝገብ።
ቺትስከ እስከ ጆሮዋ ቀላች።
«ይህስ ስህተት ነው» አለች፣
ወረቀት እስክታገኝ መዳፏ ላይ ጻፈች።

ያኔ ነው ሂልከ
የርሱን መዳፍ ከብረቱ ያነሣው።

የመመዝገቢያው ቅጽ ሦስት ዓምድ ብቻ አለው፦
ፍጥነት፣ ዋጋ፣ ዋስትና፤ ሌላ ቦታ የለው።
«አላውቅም» ያለችውን የቱ ላይ ልሙላው?
በኅዳጉ ጻፍኩት፣ በእርሳስ፣ ደቀቅ አድርጌ።
ፍራውክየ አነበበች፤ ፈረመች ዝም ብላ።
ውጭ፣ ከሥራ የወጣው ነፋስ በድንቹ ማሳ
ቅጠል ያገላብጣል፣
ማንም ሳይለካው።