ዱቤ

ማክሰኞ ማክሰኞ የአውቶቡሱን ቁልፍ አስረክቤ፣
ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት እወርዳለሁ፤
የአፉላን ጥራጊ ቁጥር እየሰጠሁ በሣጥን አኖራለሁ።
"ጥራጊ" ስላት ኒራ ትቆጣለች፤
"ቅርስ በል" ትለኛለች።
ነጭ የጥጥ ጓንት ሰጥታኛለች፣ እርሳስም፤
ብዕር እዚህ አይገባም፣ ውሃ አይገባም፣ ኩርማን ዳቦ አይቀመስም።

ምን ያልመጣ አለ?
የፈረሰው ሲኒማ ቤት ቲኬት፣ ግማሹ የተቦጨቀ፤
የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ ባለቤቱ ይሂድ ይቅር ያልታወቀ፤
መሐሉ የተበሳ የስልክ ሳንቲም፣ በክር ተንጠልጥሎ፤
ቀንድ መሳይ የጋዜጣ ጥቅልል፣ ውስጡ የሱፍ ቆሎ፣
ሦስት ፍሬ ብቻ።
ኒራ ቆጥራ መዝግባለች። እንዳልበላቸው ነው መሰለኝ።
የጋዝ ጭምብል ካርቶን፣ ልጅ አበባ የለጠፈበት።
የማንም በር ያልሆነ ቁልፍ።
ቅጹ "ፋይዳው ምንድን ነው?" ይላል።
ለቁልፉ ምን እጽፋለሁ? በር ይከፍት ነበር፤ ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት ፎርቱና መጣች፣ የባለ ሱቁ የማስዑድ ልጅ፣
የሰርዲን ካርቶን ታቅፋ በሁለት እጅ።
"ሱቁ ተሸጠ" አለች፤ "ስልክ መጠገኛ ሆኗል።
ይህ ግን የት ይጣላል? የሰፈሩ ሆድ ተጽፎበታል።"

የዱቤ መዝገብ ነው። ጀርባው በፕላስተር የታሸገ፣ ገጹ በዘይት የወዛ፣
ማን ስንት እንቁላል፣ ማን ስንት ሻማ እንደገዛ።
እየገለጥሁ ስቆጥር የሰማንያ አምስት ክረምት ላይ ደረስሁ።
"ረጅሟ፦ ሁለት ወተት፣ አንድ ዳቦ።"
"ረጅሟ፦ ክብሪት።"
"ረጅሟ፦ ጨው። ነገ እከፍላለሁ ያለች መሰለኝ።"

እናቴ ናት።
ወተቱን በላስቲኩ ታቅፌ፣ እንዳይፈነዳ ትንፋሼን ውጬ
ከኋላዋ የምከተለው እኔ ነኝ፤ እኔ አልተጻፍሁም።

ስሟን አንድ ጸሐፊ ገና ከአውሮፕላን ስትወርድ ለውጦታል፤
መታወቂያዋ "ኦርና"፣ የክሊኒክ ካርዷ "ኦርና"፣ የመብራት ደረሰኟ "ኦርና" ይላል።
"ኦርና!" ሲሏት ዞር ሳትል፣
ስንቴ ተራዋ አልፏል።

ገጽ ገለጥሁ። መስከረም ነው፣ የዳስ በዓል ሰሞን።
"ረጅሟ" ተሰርዞ በላዩ ላይ "ኤትሮግ" ተጽፏል።
ቆየሁ፣ እስኪገባኝ።
ለበዓሉ ከደረደረው አንዱን አንሥታ፣
ደረቷ ላይ አስጠግታ፣
"እኔ" ብላው ይሆናል፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ በምታውቀው ፍሬ።
ትርንጎ እኮ ነው ስሟ። ትርንጎ ፈንቴ።
ለካ ሰውየው ጠይቋት ኖሯል።
በዚህች ከተማ ወረቀት ሁሉ እናቴ በስሟ የተጠራችው
ዕዳ ላይ ነው።

የመጨረሻው መስመር አልተሰረዘም፤
አራት ሺህ ሁለት መቶ፣ ሰው ገና በአሮጌው ሼክል ሲቆጥር።
ሦስቱ ዜሮ ሲቆረጥ አራት ከሃያ፤
ዛሬ አንድ ላስቲክ ወተት አይገዛም።
እሷ ደግሞ ዕዳ አትወድም ነበር፤
የጎረቤት ወንፊት እንኳ ቤቷ አያድርም ነበር።

ለፎርቱና ደወልሁ። "ልክፈል" አልኋት።
ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች።
"አባቴ የተከፈለን በቀይ ብዕር ነበር የሚሰርዘው፤
ሁለት ጊዜ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ" አለች።
ኒራ ከማዶ፣ ከሣጥኖቿ ቀና ሳትል፦
"ብዕር እዚህ አይገባም።"

እርሳሴን ቀረጽሁ።
"ፋይዳው" ከሚለው ፊት ለፊት
"ትርንጎ ፈንቴ። አራት ከሃያ ይቀርባታል" ብዬ ሞላሁ፣
ክዳኑን ገጠምሁ።

ማስዑድ በነበረበት ደጅ አንድ ጎረምሳ የስልክ መስታወት ይነቅላል።
አምስት ሼክሌ ኪሴ ውስጥ ሞቋል።
ከጥጉ የሱፍ ቆሎ ገዛሁበት፣
እየፈለፈልሁ ወደ ማቆሚያው አዘገምሁ፤
ሦስት ፍሬ ስትቀረኝ
እጄ ቆመ።